ለመምህሬ ምስጋና፣ ለሳይንስ አስተማሪዎች ጥቆማ

ሰሞኑን ደስ የሚል ወሬ ደረሰኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ በክረምት መርሐ ግብር የፊዚክስ ማስተማር ዘዴን ያስተማሩኝ መምህሬ በማስተማር ሥራቸው ተሸለሙ። ስማቸው በአደባባይ ሲነሳ ደስ ስለማይላቸው የማወራው ስለ ሥራቸው ብቻ ነው። እንኳን ደስ አለዎት መምህሬ!

ወደዚያ የሄድኩት ስምንት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ፣ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወረቀት አደሉንና አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «ክረምት ለምን ይቀዘቅዛል?» ሁላችንም አስተማሪዎች ነን። አብዛኞቻችን «ፀሐይ ስለምትርቅ» ብለን ጻፍን። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ለልጆች የነገርኳቸው ይህንኑ ነበር። መምህሬ ተሳስታችኋል አላሉም፤ ወረቀቶቹን ሰብስበው ያዙ።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል፣ ደመናው በተገለጠበት ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ሜዳ አወጡንና ቀጥ ያለ እንጨት አስተከሉን። እንጨቱ ጥላ አልነበረውም። ዞረን አየን፣ የለም። ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማለች። «ራቀች ያላችኋት ይህች ናት?» አሉና ወረቀታችንን መለሱልን።

ቀሪውን ራሳችን ከመጽሐፍ ፈልገን እንድናመጣ አዘዙን። ምድር ከፀሐይ በጣም የምትርቀው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ ርቀቱ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስትቀርብ ደግሞ 147 ሚሊዮን ገደማ ነው። ልዩነቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ደግሞስ እኛን የሚያበርደን ርቀቱ ቢሆን ኖሮ አውሮፓ በዚያው ወር እንዴት ይሞቃል? የእኛ ብርድ ከደመናውና ከዝናቡ የመጣ ነው። ይህን በአንድ ደቂቃ ሊነግሩን ይችሉ ነበር። ቢነግሩን ኖሮ ጽፌ፣ ተፈትኜ፣ እረሳው ነበር።

በኋላ ትምህርት ቤታችን ድረስ መጥተው ሳስተምር ተመለከቱኝ። እኔ ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሳሳምር፣ እርሳቸው ኋላ ተቀምጠው የአንዲት ልጅ ደብተር ያነባሉ። ሲወጡ «ይህች ልጅ ኤሌክትሪክ አምፖል ውስጥ ገብቶ የሚያልቅ ይመስላታል፤ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። በማግሥቱ የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ሁለት ተመሳሳይ የእጅ ባትሪ አምፖሎች ይዤ ገባሁ። አምፖሎቹን በተከታታይ ከማገናኘቴ በፊት የትኛው ይበልጥ እንደሚበራ ጠየቅኩ። ከክፍሉ ግማሽ በላይ «የመጀመሪያው» አለ። ሁለቱ እኩል ሲበሩ ልጆቹ ወንበራቸውን ትተው ጠረጴዛውን ከበቡት፤ ያን ቀን ደወሉን የሰማው ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ ደብተር ሳላነብ አዲስ ምዕራፍ ጀምሬ አላውቅም።

ጥብቅ ናቸው፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። አንድ የትምህርት ዕቅድ ሦስት ጊዜ መልሰውብኛል፤ ሦስተኛው ላይ ተናድጄ ነበር። ያንን ዕቅድ ግን እስካሁን እሠራበታለሁ።

በዚህ ክረምት ፔዳ የምትገቡ የሳይንስ አስተማሪዎች፣ እርሳቸው የሚሰጡት ኮርስ ከደረሳችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳን አትቅሩ። ርዕሳነ መምህራንም ቅዳሜ ለሥልጠና ብትጋብዟቸው ይመጣሉ። የሚጠይቁት አንድ ክፍልና ጥቂት የባትሪ ድንጋይ ነው። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።