ያገለገለ የ1976 ጃዝ ቤዝ፦ አንገቱና ፒካፑ እንዴት ናቸው?

አሁን የምጫወትበት ቤዝ ጊታር እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራ ፌንደር ጃዝ ቤዝ ነው፤ ከመግዛቴ በፊት እንዴት እንደፈተሽኩት ልንገራችሁ። ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተልጧል፤ ጀርባውን የቀበቶ ዘለበት ፍቆታል። ይሄ ድምፁን አይነካም። አሮጌ ቤዝ ላይ ገንዘብ የሚበሉት አንገቱና ፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና የሽቦ ጥምጥም) ናቸው። እኔ ከአንገቱ እጀምራለሁ፤ የሞተ ፒካፕ እንደገና ይጠመጠማል፣ የተጠመዘዘ አንገትን ማዳን ግን በጣም ከባድ ነው።

ክሮቹ ላልተው ከቀረቡላችሁ መጀመሪያ ይቃኙ። ክር ካልሳበው አንገቱ እውነተኛ ቅርጹን አያሳይም። ወፍራሙን ክር በአንድ እጄ 1ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች የመጀመሪያው) ላይ፣ በሌላው አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ጋ ተጫንኩት። 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሀል ወረቀት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ታየኝ። ጥሩ ነው። ከዚያ በቀጭኑ ክር በኩል ደገምኩት። ወፍራሙ ጋ ሰፊ፣ ቀጭኑ ጋ ምንም ከሆነ አንገቱ ተጠምዝዟል ብላችሁ ጠርጥሩ። ትረስ ሮድ (አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ) ጉብጠትን ያቃናል እንጂ ጥምዝን አይፈታም። የዚህኛው ሁለቱም ጎን እኩል ነበር።

የትረስ ሮዱ ዳዶም መንቀሳቀስ አለበት። በዚህ ዘመን ጃዝ ቤዝ ላይ ዳዶው የቤዙ ራስ ላይ፣ መቃኛዎቹ ባሉበት በኩል ነው፤ ጥይት ይመስላል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ላይ ታች በአካሉ በኩል ስለሆነ አንገቱ ካልተፈታ አይደረስበትም። ባለቤቱን አስፈቅጄ ሩብ ዙር አላላሁት፣ መልሼ አጠበቅኩት። ሳይንቀጫቀጭ ዞረ። እስከ መጨረሻው የጠበቀ ዳዶ ካገኛችሁ ግን ለወደፊቱ ማስተካከያ አልቀረም ማለት ነው። አንገቱን የያዙት 3 ቡሎኖች አጥብቀው አይዙም ተብለው ብዙ ይታማሉ። ወደ ጎን ገፋ ገፋ አደረግኩት፤ አልተነቃነቀም።

ፒካፖቹን አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ላይ ለየብቻ ሰማኋቸው። አንዱ ብቻውን ሲከፈት እዝ ማለቱ ተፈጥሮው ነው። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሲከፈቱ ግን ያ ድምፅ መጥፋት አለበት፤ ጥምጥማቸውና ማግኔታቸው የተገላበጠው ለዚህ ነው። ካልጠፋ፣ አንዱ ተቀይሮ ይሆናል። ቮልዩሙ ሲዞር መንኮሻኮሹ ግን የፒካፕ ችግር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በማጽጃ ይለቃል።

ከዚያ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)። ምንም መፍታት አያስፈልግም። ገመዱን ቤዙ ላይ ሰክታችሁ በሌላኛው ጫፍ ለኩ፤ የሚለካው ፒካፕ ቮልዩም ሙሉ ይከፈት፣ የሌላው ይዘጋ። የጃዝ ቤዝ ፒካፕ በአብዛኛው 7 እና 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፤ በዚህ መንገድ ሲለካ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከ100 ኪሎ ኦም በላይ ከዘለለ የመዳብ ሽቦው የሆነ ቦታ ተበጥሷል። የኔዎቹ ሁለቱም 7 ገደማ አነበቡ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ በተለይ የኋላው ጣት ሲመታው ቁጡ ነው፣ በጣም እወደዋለሁ።

ፍሬቶቹ እስከ 5ኛው ድረስ አልቀዋል፤ በቅርቡ መቀየር አለባቸው። ዋጋ ስንነጋገር ያነሳሁት እሱን ብቻ ነው።