ለአንዲት ዳኛ ምስጋና፣ ለወላጆች ጥቆማ

በዋሽንግተን ስቴት ልጆቻቸው በሲፒኤስ (በሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ለተወሰዱባቸው ወላጆች ፍርድ ቤት ውስጥ ከምናስተረጉም ሰዎች የቀረበ ምስጋና ነው። ስማቸውን ባንጠራም፣ ክብርት ዳኛ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሌላ ቦታ ያየነው ያንገበግባል። ወላጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እናትየው»፣ «አባትየው» እየተባለ ይወራበታል። ለአክብሮት አንገቱን የደፋ አባት ግድ እንደሌለው ይቆጠራል። አስተርጓሚ ከሌለ ቀጠሮው ይገፋል፤ የሕጉ ሰዓት ግን አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ልጁ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን ከቤት ውጭ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ካሳለፈ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ አቤቱታ ይቀርባል።

እኚህ ዳኛ አስተርጓሚውን ሳይሆን ወላጁን እያዩ በስሙ ይጠሩታል። ከጠበቆቹ አስቀድመው «ልጅዎን አዩት? እንዴት ነው?» ይላሉ። ካውንስሊንግ (የምክር አገልግሎት) ከማዘዛቸው በፊት በአማርኛ ይሰጥ እንደሆነ፣ ከሥራ ሽፍት ጋር ይጋጭ እንደሆነ፣ አውቶቡስ ይደርስ እንደሆነ ሶሻል ወርከሩን ያፋጥጣሉ። ብዙ ወላጅ «አልተባበረም» የሚባለው መድረስ የማይችለው ነገር ስለታዘዘበት ነውና። ከታዘዘለት ትምህርት የቀረ ወላጅንም ከልጁ ጋር የሚገናኝበትን ጉብኝት በመቀነስ አይቀጡም። የስቴቱ ሕግም የልጁ ደኅንነት አደጋ ላይ እስካልወደቀ ድረስ ይህን ይከለክላል።

ከሁሉ የማንረሳው ግን መጨረሻ ላይ የሚጠይቁትን ነው፦ «የወሰንነውን በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።» አንዲት እናት «ካውንስሊንጉን ስጨርስ ልጄን አያለሁ» ብላ መለሰች። ጠበቆቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ተነስተው ነበር። ዳኛዋ መልሰው አስቀመጧቸው። ጉብኝቱ በዚያው ሳምንት እንደሚጀምር አስረድተው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና የሚደወልለትን ሰው በአንድ ገጽ አስጽፈው ሰጧት። ባይጠይቁ ኖሮ እናትየዋ ቤቷ ሆና ስትጠብቅ፣ መዝገቡ «ልጇን ልታይ አልመጣችም» ይል ነበር። እባካችሁ ዳኞች፣ ይህን አንድ ጥያቄ ልመዱልን!

ወላጆች ሆይ፣ ልጅ ከተወሰደ በኋላ የመጀመሪያው ችሎት ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ሳይቆጠር በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ አትቅሩ። አቅም ከሌላችሁ ጠበቃ በነፃ ይመደብላችኋል። ልጃችሁ ወይም ዘመዳችሁ እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ፤ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ጠይቁ። ፓረንትስ ፎር ፓረንትስ (ወላጆች ለወላጆች) የሚባለውንም ፕሮግራም ፈልጉ። በዚሁ መንገድ አልፈው ልጆቻቸውን ያስመለሱ ወላጆች ናቸው የሚያግዟችሁ፤ ልጅ የተወሰደበት የፍርድ ቤት ጉዳይ (ዲፔንደንሲ) እንዴት እንደሚሄድ የሚያስረዳውን፣ ዲፔንደንሲ 101 የተባለውን ትምህርታቸውን ተከታተሉ። በምትኖሩበት ካውንቲ መኖሩን ጠበቃችሁን ጠይቁ፤ አስተርጓሚም አስቀድማችሁ አስይዙ።