የምህንድስና ቢሮዎችን የሳይበር ጥበቃ ማወዳደሪያዎች፦ ጎንደር ላይ የቱ ይሠራል?

ጎንደር ላይ ሕንፃ ወይም መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አማካሪ ሲመርጥ የሙያ ፈቃድ፣ ደረጃ፣ የባለሙያዎች የትምህርት ማስረጃና የቀድሞ ሥራ ዝርዝር ይጠይቃል። ፕላኑ፣ የአፈር ምርመራው ውጤትና ጨረታው ሳይከፈት የተያዘው የዋጋ ግምት በየትኛው ኮምፒውተር፣ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ልጠይቅ ላለ ሰው ያሉት ማወዳደሪያዎች በሦስት ይከፈላሉ፦ ከውጭ ሆነው በኢንተርኔት የሚመለከቱ መሣሪያዎች፣ ሲአይኤስ የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ የአሜሪካ ድርጅት የመቆጣጠሪያ ዝርዝር፣ እና የአሜሪካው መንግሥት የደረጃዎች ተቋም (ኒስት) የሳይበር ደኅንነት ማዕቀፍ።

ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ለእኛ አገር ቢሮ የሚያዋጣው የሲአይኤሱ ነው፤ እሱም እንዳለ ሳይሆን ሁለት ነገር ተጨምሮበት። የውጭ መመልከቻዎቹ ለኢሜይል ብቻ ይጠቅማሉ። ኒስት በየካቲት 2016 ያወጣው ሁለተኛ እትም ማስተዳደር፣ መለየት፣ መጠበቅ፣ ማወቅ፣ ምላሽ መስጠትና መልሶ ማቋቋም በሚሉ ስድስት ተግባራት የተደራጀ ጥሩ ሰነድ ነው። ሆኖም ምን መደረስ እንዳለበት እንጂ የትኛው ማሽን ላይ ምን ይታይ አይልም። አሥር ኮምፒውተር ያለው ቢሮ በእሱ ራሱን ሲገመግም የሚያገኘው ብዙ ወረቀት ነው።

ከውጭ የሚታየው

የድረ ገጽን ምስጠራ የሚፈትሸው የኳሊስ ኤስኤስኤል ላብስ ነፃ ነው። የድረ ገጹን ስም ጽፎ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከመጀመርዎ በፊት ውጤቱ በይፋ ሰሌዳ ላይ እንዳይወጣ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ ያለዚያ የቢሮው ስም ከነውጤቱ ለማንም ሊታይ ይችላል። ደረጃው ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ በፊደል ይወጣል፤ ሰርተፊኬቱ የማይታመን ከሆነ ቲ ይሰጠዋል። ያረጁትን የምስጠራ ደንቦች፣ ቲኤልኤስ 1.0 ወይም 1.1ን፣ አሁንም የሚቀበል ሰርቨር ከቢ አያልፍም።

መሣሪያው በትክክል ይሠራል፤ የሚለካው ነገር ነው የሌላ ሰው። የአብዛኛው ትንሽ ቢሮ ድረ ገጽ የተቀመጠው በኪራይ ሰርቨር ላይ ነው። ፒያሳ ያለው ቢሮና አዘዞ ያለው ቢሮ ከአንድ አከራይ ቦታ ከተከራዩ ሁለቱም አንድ ፊደል ያገኛሉ። ያ ፊደል የአከራዩ ነው። ስለ ድራፍትስማኑ ኮምፒውተር አንዲት ቃል አይናገርም።

የኢሜይሉ ምርመራ ግን ዋጋ አለው። ሦስት መዝገቦች በማንኛውም ነፃ የዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች ይፋ መዝገብ) መመልከቻ ይታያሉ። ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም ደብዳቤ መላክ የሚችሉትን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም መልእክቱ ላይ ፊርማ ያኖራል። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱንም ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ ሰርቨር ይነግራል፤ «ኖን» ከሆነ ምንም አይደረግም፣ «ኳራንቲን» ከሆነ ወደ ስፓም ይሄዳል፣ «ሪጀክት» ከሆነ አይገባም። በምህንድስና ሥራ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ከአማካሪው ዶሜይን የመጣ የሚመስል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ የተቀየረ ደብዳቤ ከክፍያ ሰርተፊኬት ጋር ተያይዞ ቢላክ የሚያግደው ይኸው መዝገብ ነው። እንግዲህ ዲማርክ «አለን» የሚል ሁሉ እኩል አይደለም፤ «ኖን» ላይ ዓመታት የቆየ መዝገብ ሪፖርት ከመቀበል ያለፈ ሥራ የለውም።

በብዛት የሚገኙት ብልሽቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኢሜይሉን ወደ ሌላ አቅራቢ ሲያዛውሩ አሮጌውን ኤስፒኤፍ ሳያጠፉ አዲስ መጨመር ነው፤ ለአንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መዝገብ ካለ ሁለቱም ዋጋ ያጣሉ። ሌላው መዝገቡ ውስጥ ብዙ አገልግሎት እየጨመሩ ተቀባዩ ሰርቨር መዝገቡን ሲያጣራ የሚፈቀድለትን የ10 የዲኤንኤስ ፍለጋ ገደብ ማለፍ ነው፤ ውጤቱ ያው ስሕተት ነው።

በጂሜይል አድራሻ የሚሠራ ቢሮ በዚህ ፈተና ዜሮ የሚያገኝ ሳይሆን የሚለካ ዶሜይን የሌለው ነው። ለዚህ ነጥብ መቀነስ ተገቢ አይመስለንም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያለው የጂሜይል አካውንት ማንም ከማይንከባከበው የራስ ዶሜይን ይሻላል።

ተከፍሏቸው ለድርጅቶች ደረጃ የሚሰጡትን አገልግሎቶች በአጭሩ። ቢትሳይት ከ250 እስከ 900 ነጥብ ይሰጣል፤ ሴኪውሪቲ ስኮርካርድ ከኤ እስከ ኤፍ ያወጣል። ክፍት ወደቦችን (ከኢንተርኔት የሚገባባቸውን በሮች)፣ ሰርተፊኬቶችን፣ ከድርጅቱ አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) የሚወጣ የቫይረስ ምልክትን ከውጭ ይለቅማሉ። ለትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ይረዱ ይሆናል። ቋሚ አይፒ ያልገዛና የራሱ ሰርቨር የሌለው የጎንደር ቢሮ ግን ለእነሱ የማይታይ ነው፤ ምንም ስላልታየበት ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ፣ መልስ ሳይጽፍ ወረቀቱን የመለሰ ተማሪ አንድም አልተሳሳተም እንደማለት ነው። በውጭ ምንዛሪ ተከፍሎበት የሚገኝ ጥቅም አላየንበትም።

የሲአይኤስ ዝርዝርና የሚጎድለው

ስምንተኛው እትም 18 መቆጣጠሪያዎችና በሥራቸው 153 ተግባራት አሉት። ሁሉንም መሥራት አይጠበቅም፤ የመጀመሪያው ቡድን 56 ተግባራት ብቻ ስለሆነ ትንሽ ቢሮ ከዚያ ይጀምራል። ሰንጠረዡ በነፃ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ተግባር 0፣ 1 ወይም 2 ይስጡ፦ 0 የለም፣ 1 በከፊል አለ፣ 2 አለ ለማለት። 2 የሚሰጠው ስክሪን ላይ ሲታይ ብቻ ይሁን። «ፖሊሲ አለን» የሚል ወረቀት 2 አያሰጥም።

የዝርዝሩ ጥንካሬ ቁርጥ ያለ መሆኑ ነው። የይለፍ ቃል ሁለተኛ ማረጋገጫ ካለው ቢያንስ 8፣ ከሌለው 14 ፊደል ይሁን ይላል። 45 ቀን ያልተሠራበት አካውንት ይዘጋ ይላል። አምራቹ ድጋፍ ያቆመለት ሶፍትዌር ተለይቶ ይውጣ ይላል። በዚህ መሠረት ዊንዶውስ 7 የሚያሠራ ማሽን (ድጋፉ በጥር 2012 አብቅቷል) ያለው ቢሮ ነጥብ ያጣል፤ ዊንዶውስ 10ም ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ፣ የተራዘመ ድጋፍ ካልተመዘገበለት፣ እዚያው መደብ ውስጥ ነው።

ድክመቱ ለምህንድስና ቢሮ የሞት ሽረት የሆኑ ሁለት ተግባራትን ወደ ሁለተኛው ቡድን መግፋቱ ነው። ባክአፕ መልሶ መጫን ይቻል እንደሆነ መሞከር (11.5)፣ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ እንዲፈተሽ ማድረግ (10.4)። እነዚህን ወደ መጀመሪያው ቡድን ሳይጎትቱ የሚደረግ ውድድር የተሳሳተ ቢሮ ያስመርጣል።

ከሁለቱ የመጀመሪያው ብቻውን ቢሮን ከቢሮ ይለያል። አንድ የተጠናቀቀ ፕሮጀክት ይምረጡ፣ ከባክአፕ ወደ ባዶ ማሽን መልሱልኝ ይበሉ፣ ሰዓት ይያዙ። ፎልደሩ ስለተመለሰ አያብቃ፤ ፕላኑ ከነተያያዥ ፋይሎቹ፣ ከነፎንቱ መከፈት አለበት። በፕላን መሥሪያው ሶፍትዌር አውቶካድ ላይ ዋናው ድሮዊንግ ይከፈትና ኤክስሬፉ (ከሌላ ፋይል የተያያዘው ድሮዊንግ) «አልተገኘም» ይላል፣ ምክንያቱም መንገዱ የተጻፈው በአሮጌው ድራይቭ ፊደል ነው። ባክአፕ ሲወሰድ ማንም የማያየው ስሕተት ይህ ነው፤ መንገዱን አንጻራዊ አድርጎ ማስቀመጥ ይፈታዋል።

ፍጥነቱንም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። 500 ጊጋባይት በዩኤስቢ 2.0 በሴኮንድ 35 ሜጋባይት ሲሄድ 4 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዩኤስቢ 3 በተለመደ ሃርድ ዲስክ፣ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢባል፣ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ያንኑ ከክላውድ በ10 ሜጋቢት መስመር ለማውረድ ያለማቋረጥ ከ4 ቀን ተኩል በላይ ያስፈልጋል፤ መብራቱና መስመሩ ካልጠፋ ማለት ነው። «ባክአፓችን ጉግል ድራይቭ ላይ ነው» የሚል ቢሮና ሁለት ሃርድ ዲስክ እያፈራረቀ አንዱን ከቢሮ ውጭ የሚያሳድር ቢሮ በሲአይኤስ ሰንጠረዥ ተቀራራቢ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። ጨረታው ነገ ከሆነ ግን አይቀራረቡም። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ እንደ ባክአፕ አይቆጠር፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። አውቶካድ ራሱ የሚያስቀምጠው የቀድሞ ቅጂ (ባክ ፋይል)ም ያው እዚያው ፎልደር ውስጥ ያለ ስለሆነ ባክአፕ አይባልም።

የፋሲል ግቢን በመሰለ ቅርስ ላይ የልኬትና የጥገና ሥራ የሚወስድ ቢሮ ሲሆን ሚዛኑ ከዚህም ይከብዳል። ከጥገናው በፊት የነበረው ግድግዳ ልኬት ከጠፋ ጥገናው ካለቀ በኋላ ተመልሶ አይለካም።

ማንም ዝርዝር የማይጠይቀው

ሲአይኤስ ስለ ዲደብሊውጂ (የአውቶካድ ድሮዊንግ) ፋይል አያውቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. የአንቲቫይረስ ኩባንያው ኢሴት ይፋ ያደረገው አካድ ሜድሬ የተባለ ትል (ራሱን የሚያዛምት ጎጂ ፕሮግራም) በአውቶካድ የራሱ የኮድ ቋንቋ፣ በአውቶሊስፕ፣ የተጻፈ ነበር፤ በአብዛኛው ፔሩ ላይ ተሰራጭቶ የሰዎችን ድሮዊንግ ቻይና ወዳሉ የኢሜይል አድራሻዎች ይልክ ነበር። የመግቢያ ዘዴው ቀላል ነው፦ ከድሮዊንጉ ጋር በአንድ ፎልደር የተቀመጠ፣ የተወሰነ ስም ያለው የሊስፕ ፋይል ድሮዊንጉ ሲከፈት አብሮ ይጫናል። ከ2014 እትም ወዲህ አውቶካድ ሴኪዩርሎድ የሚባል ቅንብር አለው። 1 ላይ ከሆነ ከታመኑ ፎልደሮች ውጭ ያለ ኮድ ሲጫን ያስጠነቅቃል፣ 2 ላይ ከሆነ ጨርሶ አይጭንም፣ 0 ላይ ከሆነ ዝም ብሎ ይጭናል። ቢሮ ሲያወዳድሩ በየማሽኑ ይህን ቁጥር ያስነብቡ። 0 ከተገኘ ማስጠንቀቂያው ያሰለቸው ሰው አጥፍቶታል ማለት ነው። የታመኑ ፎልደሮችን ዝርዝርም ይመልከቱ፤ የጋራው ሰርቨር በሙሉ እዚያ ከተመዘገበ 1 እና 0 ልዩነት የላቸውም። ከውጭ በዚፕ የመጣ ፕሮጀክት ውስጥ «አካድ» ወይም «አካድዶክ» የሚል ስም ያለው የሊስፕ፣ የፋስ ወይም የቪኤልኤክስ ፋይል ካለ፣ ላኪው ለምን እንደሆነ እስኪናገር ድረስ ድሮዊንጉ አይከፈት።

ክራክ የሆነ ሶፍትዌር ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ስለ ፈቃዱ ሕጋዊነት ሌላ ቦታ ይወራ፤ እዚህ የሚያሳስበው ክራኩን ለመጫን አንቲቫይረሱ መዘጋቱ፣ ከዚያም ተመልሶ አለመከፈቱ ነው። አንቲቫይረሱ «በርቷል» ቢል አይመኑ። በአስተዳዳሪ አካውንት ገብተው የዊንዶውስ ሴኪውሪቲን የቫይረስ ቅንብር ይክፈቱና «የማይፈተሹ» የሚለውን ዝርዝር ያንብቡ። ሲ ድራይቭ በሙሉ እዚያ ተመዝግቦ ከተገኘ አንቲቫይረሱ አረንጓዴ ምልክት እያሳየ ምንም አይፈትሽም። ይህን የሚያይ የውጭ መመልከቻ የለም።

ቀጥሎ የፕሎተር ቤት ፍላሽ። ፕላን ለማተም ፍላሹ ከቢሮ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፣ የብዙ ሰው ፍላሽ ከተሰካበት ማሽን ይሰካል፣ ይመለሳል። ፎልደሮቹን ደብቆ በአቋራጭ ምልክት የሚተካው ትል የሚዛመተው በዚህ መንገድ ነው፤ ተጠቃሚው አቋራጩን ሲጫን ፎልደሩም ይከፈታል፣ ትሉም ይነሣል። ጥሩ ቢሮ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ለማተሚያ የሚሄደው ፒዲኤፍ ብቻ ነው፣ ዲደብሊውጂ አይወጣም። ለዚህ ብቻ የተመደበ፣ ቀለም የተቀባ ፍላሽ አለ። ሲመለስ ፋይል ሳይከፈትበት ፎርማት ይደረጋል። ወጪው አንድ ፍላሽ ነው።

ቴሌግራምን ማገድ ከንቱ ድካም ነው፤ ተቋራጩም፣ ባለቤቱም፣ ሳይት ኢንጂነሩም ያሉት እዚያ ነው። ይልቅ ሁለት ነገር ይቁጠሩ። በየፕሮጀክቱ ግሩፕ ውስጥ ሥራ የለቀቁ ስንት ሰዎች አሉ? በዋናው መሐንዲስ ስልክ ላይ «ዲቫይስ» በሚለው ስር የማያውቃቸው ስንት ማሽኖች ተከፍተዋል? የዋጋ ግምት ያለበት ኤክሴል በግሩፕ ከተላከ፣ ከለቀቀው ሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ ማረጋገጫን በተመለከተ፣ በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የታየውን ማሰብ ያስፈልጋል። በስልክ ዳታ «አዎ» ብሎ የሚያጸድቅ ዘዴ ያኔ አይሠራም። በየ30 ሴኮንዱ ኮድ የሚያወጣው አፕ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ይመረጣል። የሚፈልገው ትክክለኛ ሰዓት ነው፤ ስልኩን በእጁ ወደ አገርኛ ሰዓት የቀየረ ሰው የ6 ሰዓት ልዩነት ስለሚፈጥር ኮዱ ሁሌም ስሕተት ይሆንበታል። ስልኩ ሰዓቱን ከኔትወርክ ይውሰድ፣ አገርኛው ሰዓት በሌላ አፕ ይታይ። የመጠባበቂያ ኮዶቹም በወረቀት ታትመው ካዝና ውስጥ ይቀመጡ።

ውድድሩን ለሚያካሂድ አካል

ጠቅላላ ድምሩን አያወዳድሩ። ከ56ቱ ከፍተኛ ነጥብ አግኝቶ ባክአፑ የማይመለስ ቢሮ ከሌላው በታች ነው። መጀመሪያ ሁለቱን የተጨመሩ ተግባራት እንደ ማለፊያ ይያዙ፣ ያለፉትን ብቻ በነጥብ ያበላልጡ። አሥር ኮምፒውተር ላለው ቢሮ የተዘጋጀ ሰው አንድ የሥራ ቀን ይበቃዋል፤ የመመለሱ ሙከራ ጠዋት ቢጀመር ሌላው እስኪታይ ያልቃል። የውኃ አገልግሎትና ፋብሪካ ግን የራሳቸው የመቆጣጠሪያ ማሽኖች ስላሏቸው በዚህ መለኪያ ብቻ አይመዘኑም፤ ለእነሱ የተዘጋጀው አይኢሲ 62443 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው።

የዲኤንኤስ መዝገብና ድረ ገጽ ለሕዝብ ክፍት ስለሆኑ ለማየት ፈቃድ አያስፈልግም። ከዚያ አልፎ የሌላን ቢሮ ኔትወርክ መፈተሽ ወይም የይለፍ ቃል መሞከር በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል። ስለዚህ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት የትኞቹ ማሽኖች፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እንደሚታዩ የሚገልጽ፣ የቢሮው ሥራ አስኪያጅ የፈረመበትና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይያዝ። የደንበኞች የይዞታ ካርታና መታወቂያ ኮፒ በፋይሎቹ ውስጥ ስለሚኖር፣ መርማሪው ፋይል እንዳይወስድ የሚከለክል አንድ ዐረፍተ ነገርም ይጨመርበት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እነዚህንም ይመለከታል።