የካርድ ማሽኑን ውል ሳታነቡ አትፈርሙ

ወገኖቼ፣ በተለይ እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ ሬስቶራንት፣ ግሮሰሪ ወይም ሳሎን ልትከፍቱ የተነሳችሁ፣ የካርድ ማሽን ከመውሰዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ሱቄን በከፈትኩ በሳምንቱ አንድ የኛው ልጅ፣ የካርድ ማሽን ሻጭ፣ መጣ። "እትዬ" እያለ ቡና ጠጣ፣ ስለ አገር አወራን። "ክፍያው ከእያንዳንዱ የካርድ ሽያጭ 1.69 በመቶ ብቻ ነው፣ ማሽኑንም እኛ እናመጣልዎታለን" አለኝ። አመንኩት። ታብሌቱ ላይ በጣቴ ፈረምኩ።

ለካ የፈረምኩት ሁለት ውል ነው። አንዱ ካርድ የምቀበልበት መርቻንት አካውንት። ሌላው የማሽኑ ሊዝ (ኪራይ)፣ ያውም ከሌላ ኩባንያ ጋር፤ በወር 79 ዶላር፣ ለ48 ወር። ሳሰላው 3,792 ዶላር! ያንኑ ማሽን 300 ዶላር ገደማ ሲሸጥ አገኘሁት። ሊዙ ሲያልቅ እንኳ ማሽኑ የኔ አይሆንም።

አካውንቱን ዘጋሁ። ሊዙ ግን አይሰረዝም ተባልኩ። የግል ዋስትናም ፈርሜ ኖሯል፤ ሱቁ ቢዘጋ ከኔው ኪስ ይጠየቃል። ቤት ድረስ መጥተው ለሚሸጡት ዕቃ ያለው የ3 ቀን የመሰረዣ መብትም ለግል መጠቀሚያ እንጂ ለንግድ አይሠራም።

1.69 ያለኝም የመጀመሪያው፣ ርካሹ የዋጋ ደረጃ ብቻ ነበር። ካርዱ ሪዋርድ ያለው ወይም የቢዝነስ ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩን በእጃችሁ ካስገባችሁ፣ ወደ ውዱ ደረጃ ይወረውሩታል። ደረጃውን የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ከሁሉ ያንገበገበኝ የዴቢት ካርዱ ነው። የትልልቅ ባንኮች የዴቢት ክፍያ በፌዴራል ደንብ ተገድቧል፤ ካርዱን የሰጠው ባንክ የሚወስደው 21 ሳንቲምና 0.05 በመቶ፣ ቢበዛ አንድ ሳንቲም ጨምሮ ነው። በ40 ዶላር ሽያጭ 24 ሳንቲም ቢሆን ነው። እኔ 68 ሳንቲም ስከፍል ኖርኩ።

ስለዚህ "ኢንተርቼንጅ ፕላስ" የሚባለውን ጠይቁ። የባንኩ ድርሻና የኩባንያው ትርፍ ለየብቻ ይታያችኋል። ገና ትንሽ የምትሸጡ ከሆነ እንደ ስኩዌር ያለ የካርድ ክፍያ ኩባንያ የሚያስከፍለው አንድ ወጥ ዋጋ ይሻላል። ማሽኑን ግዙት፣ ሊዝ አትግቡ። ስትገዙም ኩባንያ ብትቀይሩ እንደሚሠራ አረጋግጡ። ውሉን በወረቀት ተቀብላችሁ እቤት አሳድሩት፤ ሻጩ ከቸኮለ ይሂድ።

የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ የባንክ ስቴትመንታችሁን ዛሬውኑ አውጡ። ከካርድ ኩባንያው ሌላ በየወሩ የሚቆርጥባችሁ ማን እንደሆነ እዩ።