ተገጣጣሚው ባለ 3 በር ቁም ሳጥን ከ14 ወር በኋላ

ሁለት ክረምት አሳልፏል። በካርቶን ታሽገው ከሚሸጡት ተገጣጣሚዎች አንዱ ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.20፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ። ሰውነቱ ነጭ ላሚኔት የለበሰ 16 ሚሊሜትር ቺፕቦርድ ሲሆን ጀርባው 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የቆመው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ፣ ኪራይ ቤት ውስጥ። ባዶ ቤት ገብቶ በትንሽ ብር ዕቃ ለሚያሟላ ሰው አይከፋም፤ ግን ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ብቻ ተከትሎ ከተገጠመ ሁለተኛውን ክረምት መሻገሩ ያጠራጥራል።

ባለ 16 ሚሊሜትር ቺፕቦርድ በካሬ ሜትር 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ሳጥኑ ሲደመር ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል። ካርቶኑ ታች ተከፍቶ ሰሌዳው አንድ በአንድ ከወጣ ለደረጃው ሁለት ሰው ይበቃል። ይህን ከጫኝና አውራጅ ጋር ዋጋ ከመቁረጥ በፊት መናገር ነው፤ «ቁም ሳጥን» ከተባለ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ሲገጠም ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጀርባው ላይ ነው። ያ ስስ ጀርባ ለመሸፈኛ ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑ ወደ ጎን እንዳያጋድል የሚይዘው እሱ ነው። ሚስማር ከመመታቱ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሁለቱም በሜትር ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊሜትር ከበለጠ በሮቹ በኋላ ይፋተጋሉ። ከሳጥኑ ጋር የመጣው ሚስማር በ25 ሳንቲ ርቀት ነው የሚበቃው። ሌላ ተገዝቶ በየ10 ሳንቲው ይመታ።

ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ላሚኔቱ ፊቱን ይሸፍናል እንጂ ወለል የሚነካው የታችኛው ጠርዝ ራቁቱን ነው። ቤቱ በተወለወለ ቁጥር ሴራሚኩ ላይ የቀረውን እርጥበት ይመጥጣል፤ ቺፕቦርድ አንዴ ካበጠ ደግሞ ቢደርቅም አይመለስም። እዚህ ሳጥን ላይ ሦስቱ ጥጎች ገና ከመቆማቸው በፊት ሲሊኮን ተቀብተው ደህና ናቸው። የተረሳው አራተኛው፣ በረንዳው በር አጠገብ ያለው፣ ከ16 ወደ 19 ሚሊሜትር አብጧል፤ የጠርዙ ፕላስቲክ ተልጧል፤ ጥፍር ሲያርፍበት ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ብስኩት ይፈረፈራል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ጠርዙን ሲሊኮን ቀብቶ ማድረቅ፣ ከዚያ ከሥር 2 ሳንቲ የሚያነሳ የፕላስቲክ እግር ወይም የተሰበረ ሴራሚክ ደርቦ ማስገባት፣ በውሃ ልክ ማስተካከል። ከውጭው ግድግዳ ቢያንስ 5 ሳንቲ ይራቅ፤ ያለበለዚያ ሐምሌ ላይ ጋቢው ይሻግታል።

ማጠፊያዎቹ በ6ኛው ወር መላላት ጀመሩ። የሚፈታው ብሎን ረዘም ባለ ቢተካ ይይዛል ብሎ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰሌዳው 16 ሚሊሜትር ስለሆነ ብሎኑ በወዲያኛው ፊት ብቅ ይላል። የላላው ቀዳዳ ራሳቸው በተቆረጠ የክብሪት እንጨቶችና በነጭ የእንጨት ኮላ ተሞልቶ 24 ሰዓት ይደር፤ ከዚያ ብሎኑ በእጅ ካቻቪቴ ይመለስ። በድሪል ከሆነ እንደገና ይበላዋል። ማጠፊያው ራሱ ከተሰበረ መርካቶ ይገኛል፤ የበሩ ክብ ጉድጓድ መደበኛው 35 ሚሊሜትር ነው። አሮጌው ተይዞ ይኬድ፣ ምክንያቱም ቀጥ ያለ፣ ግማሽ ጎባጣና ሙሉ ጎባጣ የሚባሉ አሉ፤ ሁለት በር የሚጋራው መካከለኛ ሰሌዳ ግማሽ ጎባጣውን ይፈልጋል። ምናለሽ ተራ ያገለገለም አይጠፋም፤ ለመሳቢያ እጀታ እንጂ ለማጠፊያ ግን አይመከርም።

80 ሳንቲ ስፋት ያለው መደርደሪያ ብርድ ልብስ ሲጫነው መሐሉ ይጎብጣል። ከሥሩ በርዝመቱ 2 በ4 ሳንቲ ጣውላ ማጣበቅ በቂ ነው።

ከግድግዳ ጋር ማሰር አይታለፍ፣ በተለይ ልጅ ካለ፤ ሦስቱም በር ሲከፈት ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል። ችግሩ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ መሆኑ ነው፤ አጭር ፊሸር (ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ ቡሽ) ይሽከረከርና ይቀራል። ኮለኑን፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶውን፣ ፈልጎ እሱ ላይ በኤል ብረት ማሰር ይሻላል።

የኪራይ አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ቢያዝም፣ ሳጥኑ አንድ ቀን መፈታቱ አይቀርም። ስለዚህ የእንጨት ፒኖቹ ላይ ኮላ አይደረግ። ግማሽ ዙር የሚዞሩት ክብ መቆለፊያዎች ሲፈቱ አንዳንዶቹ ይሰነጠቃሉ፤ ከአሁኑ 10 ያህል መለዋወጫ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ማኖር ነው።