ደብረ ብርሃን ላይ ያሠራነው የእንጨት ምድጃ፦ ከአሥር ወር በኋላ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ካለ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያነጋል። ይህን እያወቅን አዲሱን ቤታችንን በብሎኬት ሠርተን፣ ወለሉን ሴራሚክ አንጥፈን፣ ሰፋፊ መስኮት አድርገንበት ገባን። ቤቱ አማረ፤ ብርዱ ግን የድሮውን የጭቃ ቤታችንን አስናፈቀን። አባቴ 78 ዓመቱ ነው። ጉልበቱን ብርድ ሲይዘው ጠዋት ከአልጋው መውረድ ያቅተዋል።

እናቴ የከሰል ማንደጃ እናስገባ አለች፤ እኔ እምቢ አልኩ። ከሰል ለኩሶ በር ዘግቶ መተኛት በአገራችን ስንት ቤተሰብ እንደጨረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ሰውን በእንቅልፉ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ጭሱን በቧንቧ ከቤት የሚያወጣ የብረት ምድጃ ለማሠራት ወሰንን፤ ከተማው ውስጥ ለሚገኝ አንድ ብየዳ ቤትም አዘዝን። ከነቧንቧው 32 ሺህ ብር ከፈልን።

ምድጃው ራሱ እንከን የለውም። አካሉ ባለ 5 ሚሊሜትር ላሜራ ነው፤ ውስጡን በሸክላ ጡብ ለብጠውታል። በሩ ሲዘጋ ግጥም ይላል፤ ከሥሩ አየር የሚያስገባ ተንሸራታች መክፈቻ አለው። እሳቱ ከያዘ በኋላ መክፈቻውን ወደ ግማሽ ስመልሰው አምስት ፍልጥ እንጨት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሳሎኑን ያሞቃል። ጡቡ ደግሞ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ያስቸገረን ቧንቧው ነው። ምድጃ ላሠራ የሚል ሰው ካለ ይህን ክፍል ደጋግሞ ያንብብልኝ።

መጀመሪያ ያመጡት ቧንቧ የጣሪያ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ የተሠራ ነበር። እሳቱ ሲግል ዚንኩ እየተቃጠለ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ አመጣ። ያን ማታ መስኮቱን ሁሉ ከፍተን በጋቢ ተጠቅልለን አመሸን። በማግስቱ መጥተው በጥቁር ባለ 2 ሚሊሜትር ላሜራ ቀየሩት።

ቀጥሎ መጋጠሚያው ነው። ቧንቧው ሦስት ቁራጭ ነው። ባለሙያዎቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አስበውት የላይኛውን ቁራጭ በታችኛው ላይ አለበሱት። ጭሱ ግን ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝፍት የመሰለ ነገር በቧንቧው ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ ወደ ውጭ ይፈሳል። በሦስተኛው ቀን ነጩ ግድግዳችን ላይ የቡና አተላ የተደፋበት ይመስል ቡናማ መስመር ወረደበት። ተገላብጦ የላይኛው በታችኛው ውስጥ እንዲገባ ሲደረግ ቆመ።

ከሁሉም ያስፈራኝ ግን ኮርኒሱ ነው። ቺፕውዱን በቧንቧው ልክ ቆርጠው ነበር ያሳለፉት። በሳምንቱ የሚለበለብ እንጨት ሸተተኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ቺፕውዱን በእጄ ስነካው አላስቀምጥ አለኝ፤ ጠርዙ ጠቁሯል። ከበላዩ ደግሞ የባሕር ዛፍ ወራጅ አለ። እሳቱን አጠፋን፤ እስኪስተካከል ድረስም አላነደድንም። አሁን ቀዳዳው በየጎኑ 30 ሴንቲሜትር ሰፍቶ በብረት ሳህን ተሸፍኗል፤ ቧንቧው በሌላ ሰፊ ቧንቧ ውስጥ ያልፋል፤ በመካከላቸው አየር አለ። እጄን እየጫንኩ አረጋግጫለሁ፤ ለብ ከማለት አያልፍም።

የብየዳ ቤቱ ባለቤት ሦስቱንም ጊዜ ሲጠራ መጥቷል። ቧንቧው ከጣሪያው አናት በታች በመቅረቱ ነፋሱ ጭሱን ሲመልስብንም ራሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንድ ሜትር ጨመረበት። ተጨማሪ ያስከፈለን የላሜራውን ዋጋ ብቻ ነው። እንዲህ ለሥራው የሚቆም ሰው አክብሬዋለሁ። ቢሆንም ኮርኒሱን ቀድሞ ሊያውቀው ይገባ ነበር፤ ሌሊት ቢሆን ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

እንጨትን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከግንባታው የተረፈውን የመወጣጫ ባሕር ዛፍ ነበር ያነደድነው። ዓመት ሙሉ ፀሐይ የመታው ስለሆነ ወዲያው ይቀጣጠላል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ቃ ይላል። ምስማሩን መንቀል ብቻ ነው የሚፈልገው። ጥር ላይ ሲያልቅ ከገበያ እርጥቡን ገዛን፤ እየተንሸከሸከ ከሙቀቱ ይልቅ ጭሱ በዛ። አሁን የፈለጥነውን ከጓሮው ጣሪያ ሥር ደርድረነዋል፤ ለመጪው ጥቅምት ይደርሳል ብለን እንጠብቃለን።

ክረምቱን ቧንቧው ቆርቆሮውን ከሚበሳበት ቦታ አንዲት ጠብታ አልገባችም። አባቴ ወንበሩን ከምድጃው አጠገብ አድርጎ የማታ ጸሎቱን እዚያው ያደርሳል፤ ጠዋትም ያለ ምርኩዝ ወደ ደጅ ሲወጣ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ቧንቧውን ፈትተን ስንጠርግ ግማሽ ባልዲ ጥቀርሻ ወጣ፤ አብዛኛው በጥር ወር የገዛነው የዚያ እርጥብ እንጨት ነው። ብርዱ ከመግባቱ በፊት አንድ ጊዜ ደግመን እንጠርጋለን።