ለሀረጎ መንገድ የቱ ስፖርት ሞተርሳይክል ይሻላል?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ። ስልኩ ላይ ሰማያዊ ያማሃ አር1 አለ። «ጋሼ፣ ይህን ልግዛ ወይስ ሰባቱን?» አለኝ። ሰባት የሚለው አር7ን ነው። «የት ልትነዳው?» ስለው በጥያቄዬ ተገረመ። ሥራው ኮምቦልቻ፣ ቤቱ ደሴ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን የሀረጎን ጠመዝማዛ ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። የምጽፈው ለእርሱና ለመሰሎቹ ነው፤ የውድድር ሜዳ ያለው ሰው ሌላ መካሪ ይፈልግ።

ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው አስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ። አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ከፊታችሁ የተጫነ ተሳቢ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወርዳል፣ የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ሄልሜታችሁ ውስጥ ይገባል፣ በክረምት ደግሞ ጉሙ የመንገዱን ላይኛ ግማሽ ይውጠዋል። እኔ ከሁሉ የምፈራው ናፍጣ ነው። ታንከሩን እስከ አፉ የሞላ መኪና ኩርባ ላይ ሲያዘነብል ጥቂት ያፈስሳል፤ ካፊያ ሲነካው አስፋልቱ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ያብረቀርቃል። እዚያ ላይ አጋድሎ ፍሬን የያዘ ሰው ቀጥሎ የሚያየው ሰማዩን ነው።

ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የፈረስ ጉልበት ነው፤ ይሁን። አር1 በ998 ሲሲ 200 የፈረስ ጉልበት አለው። የ2019ኙ ቢኤምደብሊው ኤስ1000አርአር 207፣ የ2020ው ሆንዳ ሲቢአር1000አርአር-አር 217፣ ዱካቲ ፓኒጋሌ ቪ4 ደግሞ በ1,103 ሲሲ 214 ይሰጣሉ። እነዚህ ቁጥሮች ግን የባሕር ጠለል አየር ቁጥሮች ናቸው። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአምስት አንዱን፣ አንዳንዴም ሩቡን ያህል ያጣል። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ከአየሩ ጋር ያመጣጥናል እንጂ የሌለ አየር አያመጣም። ካርቡራተር ያለው አሮጌ ሞተርማ የባሰ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ በልኩ የተስተካከለው ደሴ ሲደርስ ነዳጅ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል።

«እንግዲያው ትልቁን ልግዛ፤ ቢጎድልም ይተርፈኛል» የሚል አይጠፋም። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሩቡ የጎደለበት አር1 አሁንም 150 ይቀረዋል። ነገር ግን ያ ጉልበት የተቀመጠው ከላይ ነው። አር1 ሙሉ የመጎተት ኃይሉን የሚያገኘው ሞተሩ በደቂቃ 11,500 ጊዜ ሲዞር ነው፤ አንደኛ ማርሹ ብቻውን በሰዓት ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። ከተሳቢ ኋላ በ20 ስትጎተቱ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ ማለት ነው፤ ሀረጎን እስክትጨርሱ የግራ እጃችሁ ይዝላል።

የአንድ ወዳጄን አር1 አንድ ቅዳሜ ከደሴ ፒያሳ አንስቼ ኮምቦልቻ አድርሼዋለሁ። መሪው ዝቅ ያለ በመሆኑ ቁልቁለቱ ላይ የሰውነቴ ክብደት እንዳለ የእጄ አንጓ ላይ አረፈ። ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ጓንቴን ያወለቅሁት በጥርሴ ነው። ከራዲያተሩ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ጭኔን ጠብሶታል፤ ኮምቦልቻ በራሷ ትሞቃለች፣ ተጨማሪ ምድጃ አያስፈልጋትም። ይሁንና አልዋሽም፤ ከከተማው ወጥቶ ወደ ሀርቡ መንገዱ ሲዘረጋ ሄልሜቴ ውስጥ ብቻዬን ስቄአለሁ። ለባለ አንድ ሺህ ሲሲዎቹ አንድ ተጨማሪ ነገር መመስከር አለብኝ፦ የአር1ም ሆነ የኤስ1000አርአር ፍሬን መቆጣጠሪያ ሞተርሳይክሉ ምን ያህል እንዳጋደለ ያውቃል፤ ፍሬኑንም በዚያው ልክ ያመጣጥናል። ያ ናፍጣ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውን የምትከፍሉት ግን ለዚህ ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ ለማትደርሱበት ፍጥነትም ጭምር ነው።

ስለዚህ ክርክሩ ያለው መካከለኞቹ ዘንድ ነው፤ በተለይ በያማሃ አር7 እና በካዋሳኪ ኒንጃ 650 መካከል። ሁለቱም ባለ ሁለት ሲሊንደር ናቸው። አር7 689 ሲሲ፣ 73 የፈረስ ጉልበት፤ ኒንጃ 649 ሲሲ፣ 68 የፈረስ ጉልበት። አር7 ሙሉ የመጎተት ኃይሉን 6,500 ዙር ላይ፣ ኒንጃ 6,700 ላይ ያገኛሉ። ከአር1 ጋር ሲተያዩ ግማሽ መንገድ ላይ ማለት ነው። ማታ ዳገቱን ስትወጡ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ ተሳቢውን ማለፍ ትችላላችሁ፤ ጠዋት ስትወርዱ ደግሞ ነዳጁን ስትለቁ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል፣ ፍሬናችሁም አይግልም።

የሚለያዩት በአቀማመጥና በፍሬን ነው። አር7 ገላው የአር1 ታናሽ ወንድም ነው፤ መሪው ዝቅ ብሎ ያስጎነብሳል፣ መቀመጫው 835 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው። የፊት ሹካው እንደ ነጂው ክብደት ሙሉ በሙሉ ይስተካከላል፤ የፊት ፍሬኑም ከኒንጃው በግልጽ ይበልጣል። በሁለት ጣት ብቻ ጫን ስትሉት ምን ያህል እንደያዘ እጃችሁ ላይ ይነግራችኋል። ኒንጃ መሪው ከፍ፣ መቀመጫው ወደ 790 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ነው፤ ጀርባ ቀና ይላል፣ አንጓም ያርፋል። ፍሬኑ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ግን አይሞገስም። በሌላ በኩል ከ2023 ሞዴል ጀምሮ ኒንጃ የኋላ ጎማ መንሸራተትን የሚቆጣጠር መሣሪያ ሲኖረው፣ አር7 በ2022 ሞዴል ሲወጣ ኤቢኤስ (ጎማው በፍሬን እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እንጂ ይህ አልነበረውም። በእኛ መንገድ ይህን ልዩነት አቅልዬ አላየውም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ፦ በየቀኑ ለሚመላለስ ኒንጃ 650። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ከሚሴ ወጥቶ ለሚዝናና፣ አንጓው ገና ወጣት ለሆነ ሰው አር7። የጎረቤቴ ልጅ ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ፤ የኒንጃው መልክ «የሽማግሌ» ሆኖበት ነው። «አብሽር፣ ሽማግሌ የሚሆነው ያልወደቀ ነው» አልኩት።

ሆንዳ ሲቢአር650አር ለብቻው ይታይ። አራት ሲሊንደር አለው፣ 95 የፈረስ ጉልበት፣ 208 ኪሎ ግራም። ድምፁን የሰማ ሌላ ነገር አይሰማም። ነገር ግን ጉልበቱን የሚሰጠው ከ8,000 ዙር በላይ ነው፤ ደሴ ላይ ሩቡ ሲጎድልበት ከታች ባዶነቱ ይታወቃል። የሚያጮህ ሰው ይወደዋል። ኤፕሪሊያ አርኤስ660 በወረቀት ከሁሉም ይበልጣል፤ 100 የፈረስ ጉልበት፣ 183 ኪሎ ግራም፣ የትልልቆቹ ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ አለው። መለዋወጫ ፍለጋ ስንት ወር እንደምትታገሡ ራሳችሁን ጠይቁና ወስኑ። ያማሃ አር3 እና ኒንጃ 400 ለጀማሪ ደህና ናቸው፤ ቀላል ናቸው፣ ዳገቱ ላይ ሁለት ሰው ሲጫንባቸው ግን ያለቅሳሉ።

ከግዢው በኋላ ያለው ወጪ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አር1 በፋብሪካው ልኬት በ100 ኪሎ ሜትር 7.2 ሊትር ይጠጣል፤ አር7 4.2። አር1 በ17 ሊትር ታንከሩ 236 ኪሎ ሜትር፣ አር7 በ13 ሊትር ብቻ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ። ማደያ ላይ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን ሒሳብ ሁለት ጊዜ አያስቆጥርም። የቤንዚኑ ዓይነትም አለ፦ የአር1 ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየርና ነዳጁን የሚያምቅበት ልክ) 13 ለ1 ሲሆን የኒንጃው 10.8 ለ1 ነው፤ ደከም ያለ ቤንዚን የሚችለው ኒንጃው ነው። ጎማም እንዲሁ፤ የኒንጃ የኋላ ጎማ ስፋቱ 160 ሚሊ ሜትር፣ የአር7 180፣ የአር1 190 ነው። ጎማው በሰፋ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ የሚያስመጣውም ሰው ይቀንሳል። የፓኒጋሌ ቪ4 ቫልቭ በየ24,000 ኪሎ ሜትሩ ሲታይ የያማሃዎቹ እስከ 40,000 ይጠብቃል። በነገራችን ላይ ካቴናችሁን ራሳችሁ መወጠር ልመዱ፤ አንድ ጋራዥ የእኔን እንደ ክራር ክር ወጥሮ ሰጥቶኝ የኋላ ጥርሱን በጥቂት ወራት ውስጥ በልቶታል።

አብዛኛው የምናገኘው ያገለገለ ነው። የሊብሬውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ። ከዚያ ቀለሙን ተዉትና የመሪውን ጫፎች፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎቹን ጫፍ፣ የእግር መርገጫዎቹን እዩ፤ የወደቀ ሞተርሳይክል መጀመሪያ የሚነካው በእነዚህ ነው። የፊት ሹካው ላይ የዘይት ቀለበት ካለ ማኅተሙ አልቋል። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ጎን አዙሩት፤ መሪውን ጫፍ ላይ የሚገታው ብረት ተጣምሞ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

ትናንት ልጁ ፎቶ ላከልኝ። ኮምቦልቻ አንድ ግቢ ውስጥ ጥቁር ኒንጃ 650 ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱም ተረከዞቹ መሬት ነክተዋል፣ ፈገግታው ጆሮው ደርሷል። እኔ ፎቶውን አጉልቼ ያየሁት የግራውን የመሪ ጫፍ ነበር። ተፍቋል።